«ጥሩ ዘይት የቱ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁኝ

ተክለሃይማኖት አካባቢ የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። ሱቁ የአባቴ ነበር፤ አሁን ባንኮኒው ጀርባ ያለሁት እኔ ነኝ። አንዳንዱ ገብቶ ያየኝና «ባለሙያው የለም እንዴ እህቴ?» ይላል። አለ፤ ምን ልታዘዝ?

ከሁሉ በላይ የምጠየቀው «ጥሩ ዘይት የቱ ነው?» የሚለውን ነው። ለዚህ መልስ የለኝም። መልስ ያለው «ለእኔ ሞተር የታዘዘለት የቱ ነው?» የሚለው ነው። ለአይሱዙ የሚሆን ምርጥ ዘይት ለቪትዝ ላይሆን ይችላል። መደርደሪያው ላይ ያለው ውዱ ጋሎንም የግድ ለእናንተ መኪና ትክክለኛው አይደለም። ስለዚህ ከጋሎኑ አትጀምሩ። ከሞተሩ ጀምሩ።

ሞተራችሁ ማን ይባላል?

«የኮሮላ ዘይትና ፊልትሮ ስጪኝ» ይባላል። የትኛው ኮሮላ? ዲኤክስ የምንለው አሮጌው አለ። 1ኤንዜድ ሞተር ያለው አለ። ከዚያ ወዲህ የመጣው ባለ 2ዜድአሩ አለ። 1ኤንዜድ ፊልትሮ ሲቀየርለት 3.7 ሊትር ይጠጣል፤ ፊልትሮውም ተጠምዝዞ የሚገባው ቆርቆሮው ነው። 2ዜድአር ደግሞ 4.2 ሊትር ይፈልጋል፤ ፊልትሮው ቆርቆሮ የሌለው ወረቀት ሆኖ ክዳን ውስጥ ይቀመጣል። መኪናው በስም አንድ ነው፤ የሚገዛው ዕቃ ግን ሁለት ዓይነት ነው።

የሞተሩን ስም ለማወቅ መካኒክ አያስፈልግም። ሊብሬያችሁን አውጡና የሞተር ቁጥሩን እዩ። ብዙ ቶዮታ ላይ የቁጥሩ መነሻ ራሱ የሞተሩ ስም ነው። ካልሆነ ኮፈኑን ክፈቱ፤ ከመስታወቱ በታች ባለው ብረት ላይ ወይም በሹፌሩ በር በኩል የተለጠፈ ትንሽ ሰሌዳ አለ። ስልካችሁን አውጡና ፎቶ አንሱት። እኔ ዘንድ ያንን ፎቶ ይዞ የመጣ ሰው ቶሎ ተስተናግዶ ይሄዳል።

ቀጥሎ የሚያስፈልጋችሁ አምራቹ ያዘዘው የዘይት ዓይነት ነው። መመሪያ መጽሐፉ ካለ እሱ ይበቃል። ከጃፓን ያገለገለ ሆኖ የገባ መኪና ግን ወይ መጽሐፉ የለም፣ ወይ በጃፓንኛ ነው። ያኔ ዘይት የሚጨመርበትን ክዳን እዩት። ብዙዎቹ ላይ 0ደብሊው-20 ወይም 5ደብሊው-30 የሚል በጉልህ ታትሟል። ያ ጽሑፍ ለጌጥ አይደለም። ሰው ግን በየወሩ ከፍቶ እየዘጋው አያነበውም።

ወፍራም ዘይት ሞተር አይጠብቅም

መካኒኮች አሳጥረው «ሠላሳ»፣ «አርባ»፣ «ሃምሳ» ይላሉ። ያ የኋለኛው ቁጥር ብቻ ነው። ጋሎኑ ላይ ያሉት ሁለት ቁጥሮች ናቸው። ከደብሊው በፊት ያለው ዘይቱ በብርድ እንዴት እንደሚፈስ ይናገራል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ዘይቱ ቀዝቅዞም በቀላሉ ይፈሳል። ከደብሊው በኋላ ያለው ደግሞ 100 ዲግሪ ላይ፣ ማለትም ሞተሩ ሞቆ ሲሠራ፣ ዘይቱ ምን ያህል እንደሚወፍር ነው።

5ደብሊው የሚባለው ዘይት ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ላይ ተፈትኖ ያለፈ ነው። 20ደብሊው ፈተናው ከዜሮ በታች 15 ላይ ነው። «እኛ አገር እንዲህ ያለ ብርድ የት አለ? 20ደብሊው-50 ብገዛ ምን ይለኛል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ጥሩ ነው። ግን የአዲስ አበባ የኅዳር ጠዋትም ቀላል አይደለም። በዚያ ጠዋት 20ደብሊው-50 ከ5ደብሊው-30 ጋር ሲነጻጸር እጅግ ይወፍራል። ቁልፉን እንዳዞራችሁ ፓምፑ ያንን ወፍራም ዘይት ገፍቶ ላይ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ድረስ እስኪያደርሰው ብረት ከብረት እየተፋተገ ይቆያል። ቀጭኑ ቀድሞ ይደርሳል።

ወፍራም ዘይት ሞተር ይጠብቃል የሚለው እምነት ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ድሮ በነበሩት ሞተሮች ውስጥ በክራንክሻፍቱ (በሚሽከረከረው ዋናው ዘንግ) እና እሱን በሚያቅፈው ብሮንዚን መካከል ያለው ክፍተት ሰፋ ያለ ነበር፤ ከዚያ ላይ ሞተሩ ሲያረጅ ይብስ ይሰፋል። አባቴ አርባና ሃምሳ ሲሸጥ የኖረው ለእነዚያ ነው፤ ልክም ነበር። የዛሬዋ ቪትዝ ግን ሌላ ናት። ክፍተቷ ጠባብ ነው። የቫልቮቹን ጊዜ የሚቀያይረው ቪቪቲ-አይ የሚሠራው በዘይት ግፊት ነው፤ ዘይቱም የሚያልፈው በቀጫጭን ቀዳዳዎች ነው። ሃምሳ ስትሞሉባት መልስ ለመስጠት ትዘገያለች፣ ነዳጅም ትበላለች። ከዚያ «መኪናዋ ጉልበት አጣች» ተብሎ ካንዴላ ይቀየራል።

«አፋር ልወርድ ነው፣ ሙቀት አለ፣ ወፈር ያለ ልግዛ?» የሚሉኝም አሉ። ከውጭ 40 ዲግሪ ቢሆንም ጤነኛ ሞተር ሙቀቱን የሚቆጣጠረው በቴርሞስታቱና በራዲያተሩ ነው። መጽሐፉ ለሞቃት አገርና ለከባድ ጭነት አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ዘይት ከፈቀደ ከሠላሳ ወደ አርባ መሄድ ይቻላል። ካልፈቀደ ተዉት።

በነገራችን ላይ ይህን ቴርሞስታት ያለምክንያት አውልቆ የሚጥል መካኒክ ካጋጠማችሁ ጋራዥ ቀይሩ። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በደንብ አይሞቅም። ሳይሞቅ ሲቀር ዘይቱ ውስጥ የገባው ቤንዚንና እርጥበት ተንኖ አይወጣም። ያኔ ምርጡን ዘይት ብትገዙም ጊዜውን ሳይጨርስ ይበላሻል።

ዘይት የሚበላ አሮጌ ሞተር ላይ ግን አልከራከርም። ከሠላሳ ወደ አርባ ከፍ ማለት መብላቱን ሊቀንሰው ይችላል። ጠዋት ሲነሳ ብቻ ሰማያዊ ጭስ ከወጣ የቫልቭ ጎማዎቹን ጠርጥሩ። ሲነዳ ሁሉ የሚያጨስ ከሆነ ግን ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ያንን ዘይት አያድነውም። ሃምሳ ሞልቶ «ለገዢ እስካሳየው ድረስ ዝም ይበልልኝ» የሚል ሰውም አይጠፋም። ያገለገለ መኪና የምትገዙ ከሆነ የመጨረሻው ዘይት ምን እንደነበረ መጠየቁ ክፋት የለውም።

ፊደሎቹን አትዝለሉ

ውፍረቱ ልክ ሆኖ ጥራቱ የወረደ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ከጋሎኑ ጀርባ ያለውን ክብ ምልክት ፈልጉ። መሐሉ ላይ ውፍረቱ፣ ከላይ ደግሞ ኤፒአይ የሚል ጽሑፍ ከደረጃው ጋር አለ። ኤፒአይ የአሜሪካ የነዳጅ ተቋም ነው። ለቤንዚን ሞተር ደረጃው በኤስ ይጀምራል፣ ሁለተኛው ፊደል ወደፊት በሄደ ቁጥር አዲስ ነው። ኤስኤል በ2001፣ ኤስኤም በ2004፣ ኤስኤን በ2010፣ ኤስፒ በ2020 (ሁሉም በፈረንጆች አቆጣጠር) የመጡ ናቸው። አዲሱ ደረጃ አሮጌውን ይተካል፤ ኤስኤል የታዘዘለት መኪና ላይ ኤስፒ ብትጨምሩ ምንም አይሆንም። የተገላቢጦሹን ግን አታድርጉ። በተለይ ቱርቦ ያለው አዲስ ቤንዚን መኪና ካላችሁ ኤስፒ ፈልጉ፤ ለእነዚያ ሞተሮች ችግር ታስቦ የወጣ ደረጃ ነው።

ኤስኤፍ ወይም ኤስጂ የሚል ጋሎን ዛሬም ገበያ ላይ ይታያል። ዋጋው ልብ ይሰርቃል። እነዚህ የ1980ዎቹ ደረጃዎች ናቸው። ለዲኤክሷ እሺ ሊሆን ይችላል፤ ለእናንተ ያሪስ አይሆንም።

ናፍጣ በሲ ይጀምራል፦ ሲኤፍ-4፣ ሲአይ-4፣ ሲኬ-4 እያለ ይሄዳል። 1ኤችዜድ ሞተር ላለው ላንድክሩዘር 15ደብሊው-40 ሲአይ-4 ከበቂ በላይ ነው። ጭስ ማውጫው ላይ ጥላሸት ማጣሪያ ያለው አዲስ ናፍጣ መኪና ግን አመዱ አነስተኛ የሆነ ዘይት ይፈልጋል። ያንን መኪና የገዛ ሰው መጽሐፉን ያንብብ፤ በግምት የሚገዛ ነገር አይደለም።

ሚኒራል፣ ሴሚ ሲንተቲክ ወይስ ፉል ሲንተቲክ? ሚኒራል ከድፍድፍ ነዳጅ ተጣርቶ የሚወጣው ነው፤ ሲንተቲክ በፋብሪካ ተቀነባብሮ የሚሠራው፤ ሴሚው የሁለቱ ድብልቅ። እዚህ ላይ ሰው ከሚገባው በላይ ይጨነቃል። 0ደብሊው-20 ከፈለጋችሁ አብዛኛው ሲንተቲክ ስለሆነ ብዙ ምርጫ የለም። 10ደብሊው-40 ወይም 15ደብሊው-40 የሚበላ ሞተር ካላችሁ ደረጃውን ያሟላ ሚኒራል በጊዜው እየቀየራችሁ መኖር ትችላላችሁ። ሲንተቲክ ሙቀት ይችላል፣ ቶሎ አይበላሽም፤ ገንዘብ ካለ ጥሩ ነው። ሲንተቲክ ገዝቶ 15 ሺህ ኪሎ ሜትር ከሚነዳበትና ሚኒራል ገዝቶ በ5 ሺህ ከሚቀይር ሰው ግን የሁለተኛውን መኪና እገዛለሁ።

ፊልትሮው ላይ አትቆጥቡ

ለዘይቱ የጠየቀውን ከፍሎ ፊልትሮው ላይ «ርካሹን ስጪኝ» የሚል ደንበኛ ያናድደኛል። ዘይቱን ንጹሕ አድርጎ የሚያቆየው እሱ አይደል?

አንዱን ቆርቆሮ ፊልትሮ አንሱና አፉን ወደ እናንተ አዙሩት። መሐሉ ላይ ጥርስ ያለው ትልቅ ቀዳዳ አለ። ዙሪያውን ትናንሽ ቀዳዳዎች ከበውታል። ዘይቱ በትናንሾቹ ይገባል፣ ወረቀቱን አልፎ ይጣራል፣ በመሐለኛው ወደ ሞተሩ ይመለሳል። አሁን በትናንሾቹ ቀዳዳዎች ወደ ውስጥ አጮልቁ። ጎማ ታያላችሁ። በእስኪርቢቶ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ጫኑት። መታጠፍና ወዲያው መመለስ አለበት። የዚህ ጎማ ሥራ ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ከፊልትሮው ፈስሶ እንዳያልቅ መያዝ ነው። ጎማው ደረቅ ከሆነ ወይም በደንብ ካልተኛ ፊልትሮው ሌሊቱን ባዶውን ያድራል። ጠዋት ስታስነሱ ለአንድ ሁለት ሰከንድ የሚሰማው ቀጭቀጭታ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል። በተለይ ፊልትሮው አግድም በሚገባባቸው ሞተሮች ላይ። ደህናዎቹ ላይ ጎማው ሲሊኮን ነው፣ አዘውትሮም ብርቱካናማ ወይም ቀይ ይሆናል። ጥቁሩ ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ነገር ግን በሙቀት ቶሎ ይደርቃል።

ውስጥ ደግሞ የማታዩት ሌላ በር አለ። ወረቀቱ በቆሻሻ ሲደፈን ወይም ዘይቱ ወፍሮ አላልፍ ሲል ይህ በር ይከፈትና ዘይቱ ሳይጣራ ያልፋል። ሞተር ያለዘይት ከሚቀር ቆሻሻ ዘይት ይሻለዋል ተብሎ የተሠራ ነው። እንግዲህ ሃምሳውን ዘይት ወደዚህ አምጡት። ጠዋት ጠዋት ያ በር እየተከፈተ ያልተጣራ ዘይት የሚያልፈው በእናንተ ምርጫ ነው።

ከዚያ ጥርሱ። ይህን የምጽፈው በጣም ስለሚያሰጋኝ ነው። የብዙዎቹ አነስተኛ ቶዮታ ሞተሮች የፊልትሮ ጥርስ ሦስት አራተኛ ኢንች ነው፣ 19 ሚሊ ሜትር ገደማ። የሆንዳና የሚትሱቢሺ ብዙዎቹ 20 ሚሊ ናቸው። በዓይን አይለዩም። የ20 ሚሊውን ወስዳችሁ ቶዮታ ላይ ብትጠመዝዙት ይገባል፣ የጠበቀም ይመስላል። ግን ልል ነው። መንገድ ላይ ግፊቱ ሲበረታ ሊፈናቀል ይችላል፤ ያኔ ዘይቱ በአንዴ ወጥቶ ያልቃል። «ቁመቱም ስፋቱም አንድ ነው፣ ይሆናል» የሚላችሁን ሻጭ አትስሙ። በቁጥር ግዙ። ለምሳሌ 1ኤንዜድን ጨምሮ ብዙ ቶዮታዎች የሚጠቀሙበት ፊልትሮ ቁጥሩ 90915 ብሎ ጀምሮ ዋይዜድዜድኢ1 ይላል። ደንበኞቼ «ታይላንድ» የሚል ሲያዩ ፎርጅድ ነው ይላሉ። አይደለም። የቶዮታ ኦርጅናል ፊልትሮ ሁሉ ጃፓን አይሠራም።

ፎርጅዱን እንዴት እንለየው? ሳጥኑን ብቻ ማየት አይበቃም፤ ሳጥን በደንብ ይታተማል። ፊልትሮውን አውጡት። ክብ ጎማው ቦታው ላይ ጸጥ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ በጥፍር ሲነካ የሚወጣ ከሆነ መልሱት። የቆርቆሮው ጠርዝ እጅ የሚቆርጥ፣ ጥርሱ ላይ የብረት ፍርፋሪ የቀረበት ከሆነ አይግባ። በመሐለኛው ቀዳዳ በስልክ መብራት አብሩ፤ ውስጡ ያለው ነገር ሲነቀነቅ ኳኳ የሚል ከሆነም አይግባ።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን አሮጌው ፊልትሮ ነው። ሲወጣ አትጣሉት። መካኒኩ በሴጌቶ ይቁረጥላችሁ፤ ወረቀቱን አውጥታችሁ ዘርጉት። የወረቀቱ እጥፋቶች ብዙና እኩል ከሆኑ ደህና ፊልትሮ ነበር። እጥፋቶቹ ተራርቀው፣ ማጣበቂያው ለቅቆ፣ ወረቀቱ ተቀዶ ካገኛችሁት ያንን ዓይነት ሁለተኛ አትግዙ። በወረቀቱ ላይ የሚያብረቀርቅ ነገር ካለ ማግኔት አስጠጉ። ማግኔት የሚይዘው ከሆነ ከሞተሩ ብረት እየተበላ ነው። የማይዘው ከሆነ ብሮንዚን ወይም አልሙኒየም ሊሆን ስለሚችል ጊዜ ሳትሰጡ አሳዩት።

የትና እንዴት እንደሚገዛ

ዘይት በፎርጅድ የሚታማ ዕቃ ነው። ባዶ ጋሎን ተሰብስቦ ሌላ ነገር ይሞላበታል። ክዳኑ ላይ ያለው ቀለበት ሲከፈት ተቆርጦ የሚቀር መሆን አለበት፤ ከአፉ ውስጥ የአልሙኒየም ልጣፍ ካለውም ንጹሕ ሆኖ የተጣበቀ ይሁን። ጋሎኑ ላይ የታተመው የምርት ቁጥርና ቀን በጣት ሲታሽ የሚለቅ ከሆነ ወይም ጭራሽ ከሌለ ተዉት። ከነዳጅ ማደያዎች፣ ኖክም ይሁን ቶታል ወይም ኦላ፣ ወይም ከአስመጪው ወኪል ብትገዙ አደጋው ይቀንሳል። እኔ ነጋዴ ሆኜ ይህን ስል ሊገርማችሁ ይችላል። የምታውቁት ሱቅ ካላችሁም ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ደረሰኝ የሚሰጥ ሰው ነገ ቢጠየቅ ይገኛል።

በበርሜል የሚቀዳ ዘይትን በተመለከተ፦ በርሜሉ ራሱ ታሽጎ ፊታችሁ ካልተከፈተ የምትቀዱት ምን እንደሆነ ማወቂያ የላችሁም።

ሲቀየር አጠገቡ ቁሙ

ዕቃውን ገዝታችሁ ለመካኒክ ስትሰጡ ሻይ ልጠጣ ብላችሁ አትሂዱ። ሞተሩ ትንሽ ሞቅ ብሎ ይሁን። የኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ብሎን ብዙ ቶዮታ ላይ በ14 ቁልፍ ይፈታል፤ ሮንዴላው ይቀየር። ዋጋው ኢምንት ነው፣ ካልተቀየረ ግን ያንጠባጥባል።

አሮጌው ፊልትሮ ሲወጣ ክብ ጎማው አብሮት መውጣቱን በዓይናችሁ እዩ። አንዳንዴ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። አዲሱ በላዩ ላይ ከገባ ሁለት ጎማ ተደራረበ ማለት ነው፤ ሞተሩ ሲነሳ ዘይቱ ይረጫል። የአዲሱ ጎማ በአዲስ ዘይት ይቀባ። በእጅ ይጠምዘዝ፣ ጎማው ከነካ በኋላ ሦስት አራተኛ ዙር ይበቃዋል። በቁልፍ የሚጠረቅም መካኒክ ቀጣዩን ሰርቪስ ለራሱ እያከበደ ነው።

የሚሞላው ልክ ከሞተሩ ስም ጋር የያዛችሁት ቁጥር ነው። 1ኤንዜድ 3.7 ከሆነ ባለ 4 ሊትሩን ጋሎን ሙሉውን አትገልብጡት። የተረፈው ለወደፊት መጨመሪያ ይቀመጣል። ከመጠን ሲያልፍ ክራንክሻፍቱ እየመታው አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ አያለሰልስም። አስነሱ፣ ትንሽ ይሥራ፣ አጥፉ፣ የተወሰኑ ደቂቃዎች ጠብቃችሁ በመለኪያው ዘንግ እዩ። ከሁለቱ ምልክቶች መካከል፣ ወደ ላይኛው ጠጋ ያለ ይሁን።

በሳምንት አንዴ ዘንጉን የማየት ልማድ ይኑራችሁ። ጥቁር መሆኑ አያስደንግጣችሁ፤ የናፍጣ ዘይት እንዲያውም በተቀየረ ማግስት ይጠቁራል። የሚያስፈራው ማኪያቶ ሲመስል ነው። ያኔ ከራዲያተሩ ውኃ ገብቷል፤ አትንዱት። ክዳኑ ሥር ብቻ ትንሽ ነጣ ያለ ነገር ካያችሁ ግን አጭር አጭር መንገድ ከመንዳት የሚመጣ እርጥበት ሊሆን ይችላል። ዘይቱ ሳትጨምሩበት ከፍ ካለና ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተም አሳዩት።

በስንት ኪሎ ሜትር?

መጽሐፉ 10 ሺህ ሊል ይችላል። መጽሐፉ ግን ለከባድ ሁኔታ የሚል ሌላ መስመርም አለው፤ አቧራ፣ አጭር ጉዞ፣ ቆሞ መሥራት እያለ ይዘረዝራል። የአዲስ አበባን መኪና እያየ የጻፈው ይመስላል። ከመገናኛ ሜክሲኮ በሥራ መውጫ ሰዓት የሄደ ሰው ያውቀዋል። ኪሎ ሜትሩ ጥቂት ነው፣ ሞተሩ የሠራበት ሰዓት ግን ብዙ ነው። በየ5 ሺህ ቀይሩ። ብዙ የማትነዱ ከሆነም ዓመት አታሳልፉት። የአየር ፊልትሮውንም አብራችሁ እዩ፤ በእሱ በኩል የገባ አቧራ መጨረሻው ዘይቱ ውስጥ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ሰው ያለውን ሞተር ማቆየት ይፈልጋል። ጋሎን ጋሎን የሚያክል ተስፋ የሚሰጡ መጨመሪያ መድኃኒቶችም አብረው በዝተዋል። ደረጃውን የጠበቀ ዘይት የሚያስፈልገው ቅመም ውስጡ አለ። እኔም እሸጣቸዋለሁ፤ ለራሴ መኪና ግን አልጨምርም።

የተቃጠለው ዘይት ቦይ ውስጥ እንዳይደፋ። አብዛኛው ጋራዥ በርሜል አለው፤ ምስጥ እንዳይበላው የአጥር እንጨት የሚቀቡበት ሰዎችም ይወስዱታል። ባዶውን ጋሎን ግን ከመጣላችሁ በፊት በቢላ ሥሩን ቅደዱት። ካልቀደዳችሁት ተሞልቶ፣ ታሽጎ፣ በሚቀጥለው ሰርቪስ ለእናንተው ሊሸጥ ይችላል።